ላንድ ሰው ሁለት ስም

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ በአንድ ጉዳይ፣ «አሸባሪ» የሚባለው ማን ነው በሚለው፣ ላይ የሚያጠነጥኑ ናቸው። ስለዚህ ሌሎቹን ለሚቀጥለው እትም አቆይቼ ገጹን ለእነሱ ሰጥቻለሁ። «ዓ.ም.» ብዬ ካልጻፍኩ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? ሁለተኛ ደረጃ ታሪክ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ስለ ደቡብ አፍሪካ ስናወራ አንድ ተማሪ እጁን አወጣና፣ «ቲቸር፣ ማንዴላ እስከ 2008 ድረስ አሜሪካ ውስጥ የአሸባሪዎች መዝገብ ላይ ነበሩ የሚባለው እውነት ነው?» አለኝ። አላውቅም ነበር። ቤት ገብቼ ሳጣራ እውነት ሆኖ አገኘሁት። በማግስቱ ስነግራቸው ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «እንግዲያው አሸባሪ የሚባል ነገር የለም፤ ያሸነፈ ጀግና፣ የተሸነፈ አሸባሪ ይባላል» አለ። ግማሹ ደግሞ «ቦንብ ያፈነዳ ሁሉ አሸባሪ ነው፣ በቃ» አለ። እኔ መሃል ላይ ቆሜ ቀረሁ። ምን ልበላቸው?

— የታሪክ መምህርት

መልስ፦ እህቴ፣ አጣርተሽ በማግስቱ እውነቱን ስለነገርሻቸው ደስ ብሎኛል። ልጁ ልክ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የማንዴላን ድርጅት ኤኤንሲን በአሸባሪነት ይቆጥረው ስለነበር ማንዴላና ጓዶቻቸው ወደዚያ አገር ለመግባት ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋቸው ነበር። ይህን የሚያስቀር ሕግ የተፈረመው በጁላይ 2008 ነው። ማንዴላ 90 ዓመት ሊሞላቸው ሦስት ሳምንት እንኳ አልቀራቸውም። የኖቤል የሰላም ሽልማት ከወሰዱም፣ ፕሬዝዳንት ሆነው ከተመረጡም ከ14 ዓመት በላይ አልፏቸው ነበር።

ክፍልሽ ለሁለት መከፈሉ አይግረምሽ። ሁለቱም ወገኖች ግን የተሳሳቱት እኩል ነው። «አሸባሪ» እና «የነፃነት ታጋይ» ተቃራኒ ቃላት ይመስሏቸዋል። አንዱን ከሆንክ ሌላውን አይደለህም ይላሉ። እኔ ደግሞ ሁለቱ ቃላት የሚመልሱት ጥያቄ ለየቅል ነው ባይ ነኝ። «የነፃነት ታጋይ» ስትዪኝ ሰውየው ለምን እንደሚዋጋ ነገርሽኝ። «አሸባሪ» ስትዪኝ እንዴት እንደሚዋጋ፣ ማንን እንደሚመታ ነገርሽኝ። ስለዚህ አንድ ሰው ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። ሰኞ የጦር ሰፈር ያጠቃ፣ ማክሰኞ ሰው የሞላበት አውቶቡስ ውስጥ ፈንጂ ያስቀመጠ ሰው ሁለቱንም ነው። ዓላማው ደሙን አያጥብለትም። ደሙም ዓላማውን ውሸት አያደርገውም።

እዚህ ሐሳብ ላይ የደረስኩት ሥራ ቦታዬ ላይ ነው። ለብዙ ዓመት የውጭ ዜና ተርጓሚ ነበርኩ። ከወንበሬ ፊት ለፊት፣ ግድግዳው ላይ፣ በታይፕ የተመታች አንዲት ወረቀት ተለጥፋ ነበር። በግራ በኩል የቡድኖች ስም፣ በቀኝ በኩል እኛ የምንጠራበት ቃል። እገሌ «ታጋይ»፣ እገሌ «ሽምቅ ተዋጊ»፣ እገሌ «ወንበዴ»። የምንደግፈው ቡድን ድልድይ ቢያፈርስ «ድል ተቀዳጀ» እንላለን። የምንቃወመው ያንኑ ድልድይ ቢያፈርስ «የጥፋት ተግባር ፈጸመ» እንላለን። አንድ ቀን ጠዋት ስገባ ወረቀቷ ተነስታ በቦታዋ ሌላ ተለጥፏል። ሙጫው ገና አልደረቀም ነበር፤ በጣቴ ነክቼዋለሁ። አንዱን ቡድን ማታ «ወንበዴ» ስለው አምሽቼ ጠዋት «ታጋይ» አልኩት። ቡድኑ በዚያች ሌሊት አመሉን አልቀየረም። የተቀየረው ከእኛ በላይ ያለው ሰው ነው። አዲሱን ቃል ስጽፍ እጄ ቅንጣት አላመነታም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ቃላቶቻችንን እስቲ አንድ በአንድ እያቸው። ሽፍታ፣ ወንበዴ፣ ታጋይ፣ ነፃ አውጪ፣ አርበኛ። ከእነዚህ ውስጥ ሰውየው ምን እንደሠራ በትክክል የሚነግርሽ የትኛው ነው? አብዛኞቹ የሚነግሩሽ ተናጋሪው የት እንደቆመ ነው። ፋሺስቶቹ አርበኞቻችንን ዓመፀኛ፣ ሽፍታ ይሏቸው ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስግዶም ግራዚያኒ ላይ ቦንብ ሲወረውሩ፣ በዚያው ግቢ ምጽዋት ሊቀበሉ የመጡ ድሆች ተሰብስበው ነበር። ተማሪዎችሽ ይህን ቢያነሱብሽ አትሽሺው። የሁለቱ ወጣቶች ዒላማ የወራሪው ጦር አዛዥና መኮንኖቹ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን የሆነውን ደግሞ ንገሪያቸው። ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ ከቤት ቤት እየዞሩ፣ ጎጆ በላያቸው ላይ እያነደዱ፣ ምንም የማያውቁ ሰዎችን በሺዎች ፈጁ። እዚያ ላይ ዒላማው ራሱ ሕዝቡ ነበር። የተፈለገው የተረፈው ሰው በፍርሃት አንገቱን እንዲደፋ ነው። ያን ሰሞን ሽብር የነዛው ማን እንደሆነ ልጆቹ ራሳቸው ይነግሩሻል።

የክፍልሽ ክርክር ቃል በቃል ግድግዳ ላይ ተጽፎ ያውቃል ብልሽስ? በፌብሩዋሪ 1944 ጀርመኖች በያዟት ፓሪስ አንድ ቀይ ፖስተር ተለጠፈ። ጀርመኖችን በኅቡዕ ይዋጉ የነበሩ የአሥር ሰዎች ፊት፣ እያንዳንዱ በክብ ተቀንብቦ፣ ተደርድሮበታል። ያልተላጨ ጺም፣ የደከመ ዓይን። ከፊታቸው ሥር ስማቸው፣ ከስማቸው ሥር የመጡበት ዘር። «ፖላንዳዊ አይሁድ»፣ «ጣሊያናዊ ኮሙኒስት»። አንደኛው ሥር እንዲህ ይላል፦ «አርመናዊ፣ የወንበዴ አለቃ፣ 56 ጥቃት፣ 150 ሙት፣ 600 ቁስለኛ።» ከፖስተሩ አናት ላይ በትልቁ «ነፃ አውጪዎች?» ይላል። ግርጌው ላይ ደግሞ «ነፃነት! በወንጀል ሠራዊት!» ብሎ ይመልሳል። አርመናዊው ሚሳክ ማኑሺያን ይባል ነበር። ከጓዶቹ ጋር በፌብሩዋሪ 21 ተረሸነ። ከመቷቸው ሰዎች አንዱ ፈረንሳውያንን ለግዳጅ ሥራ ወደ ጀርመን የሚያስግዘው የናዚ ባለሥልጣን ዩሊየስ ሪተር ነበር። ልክ በ80ኛው ዓመት፣ ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2024፣ የማኑሺያን አስከሬን ፈረንሳይ ታላላቆቿን ወደምታሳርፍበት ፓንቴዮን በክብር ገባ።

ይሄ ሁሉ ታዲያ «ያሸነፈ ጀግና ይባላል» ያሉትን ልጆች ትክክል ያደርጋቸዋል? ስለ ስሙ ከሆነ፣ አዎ፤ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው። ስለ ሥራው ከሆነ ግን በፍጹም። ጁላይ 22 ቀን 1946 ኢርጉን የተባለው የአይሁዶች ታጣቂ ቡድን ኢየሩሳሌም የሚገኘውን ኪንግ ዴቪድ ሆቴልን አፈነዳ። ያኔ አገሩን ይገዛ የነበረው የእንግሊዝ አስተዳደር ቢሮዎች እዚያ ነበሩ። ቡድኑ አስቀድመን በስልክ አስጠንቅቀናል ብሏል። 91 ሰው ሞተ። እንግሊዞች፣ አረቦች፣ አይሁዶች። ብዙዎቹ ጸሐፊዎችና የሆቴል ሠራተኞች ናቸው። የኢርጉን መሪ ሜናኸም ቤጊን በ1977 የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፤ በ1978 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበለ። ማሸነፉ ከእነዚያ ጸሐፊዎች አንዷን እንኳ ከፍርስራሹ አላስነሳም።

ወደ ማንዴላ ልመለስ፤ ከሁሉም በላይ የሚያስተምረው የእሳቸው ጉዳይ ነው። በ1960 ሻርፕቪል ላይ ፖሊስ 69 ሰልፈኛ ገደለ። ኤኤንሲ ታገደ። ሰላማዊው በር ሲዘጋ በዲሴምበር 1961 የኤኤንሲ ታጣቂ ክንፍ ኡምኮንቶ ዌ ሲዝዌ፣ «የሕዝብ ጦር» (የሚወረወረው ጦር) እንደማለት፣ ተመሠረተ። ማንዴላ በ1962 እኛው አገር መጥተው ወታደራዊ ሥልጠና ወስደዋል። ኤፕሪል 20 ቀን 1964 ፍርድ ቤት ቆመው ሲናገሩ አራት ዓይነት የኃይል መንገድ ቆጠሩ። አሻጥር፣ የሽምቅ ውጊያ፣ ሽብር፣ ግልጽ አብዮት። የመረጥነው የመጀመሪያውን ነው አሉ፤ የሰው ሕይወት ስለማይጠፋበት። አየሽ? በአሸባሪነት የሚከሰሱት ሰውዬ ራሳቸው ሽብርን በስሙ ጠርተው፣ ከሌላው ለይተው፣ አልመረጥነውም አሉ። የሞት ፍርድ ባንዣበበበት ችሎት ላይ!

ግን ታሪኩ እዚያ ቢያልቅ ኖሮ ላንቺም ለእኔም ቀላል ነበር። በ1980 ኦሊቨር ታምቦ የጦርነት ሕግ የሆኑትን የጄኔቫ ስምምነቶች እናከብራለን ብለው ኤኤንሲን ወክለው ፈረሙ። በሜይ 1983 ግን ድርጅቱ ፕሪቶሪያ ቸርች ስትሪት ላይ መኪና ውስጥ ያጠመደው ቦንብ ፈነዳ። የተፈለገው የአየር ኃይሉ ዋና መምሪያ ነው። ሰዓቱ ሰው ከሥራ የሚወጣበት ነበር። አጥማጆቹን ሁለቱን ጨምሮ 19 ሰው ሞተ፤ ከ200 በላይ ቆሰለ። በጁን 1986 ደግሞ ደርባን ውስጥ አንድ መጠጥ ቤት አጠገብ በፈነዳ ቦንብ ሦስት ሴቶች ሞቱ።

የዘር መድልዎ አገዛዙ አፓርታይድ ከወደቀ በኋላ በሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ የሚመራው የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን ይህን ሁሉ መረመረ። በ1998 ያወጣው ሪፖርት አፓርታይድን በሰው ዘር ላይ የተፈጸመ ወንጀል አለው። የኤኤንሲን ትግል ፍትሐዊ አለው። ቀጥሎም ፍትሐዊ ትግል ሰላማዊ ሰው ለመግደል ፈቃድ አይሰጥም ብሎ ድርጅቱን በከባድ የሰብዓዊ መብት ጥሰት ተጠያቂ አደረገው። ኤኤንሲ ሪፖርቱ እንዳይወጣ ፍርድ ቤት ሄዶ ተሸነፈ። ማንዴላ ግን ሪፖርቱን ከቱቱ እጅ ተቀበሉ። አስቢው፤ አገሪቱን የሚመራው ያው ድርጅት ነው፣ ፕሬዝዳንቱ የድርጅቱ ሰው ናቸው። ከዚህ የበለጠ ለክፍልሽ የሚሆን ትምህርት አላውቅም።

ስለዚህ ነገ ስትገቢ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ሁለቱንም ቃላት ከልክያቸው። «አሸባሪ»ም «ጀግና»ም ሳይሉ የሆነውን ብቻ ይንገሩሽ። ማን ላይ ተተኮሰ? ሰላማዊው ሰው በመሃል ተጎዳ ወይስ ዒላማው እሱ ነበር? ሊጠነቀቁለት ሞክረዋል? ሌላ በር ክፍት ነበር? ክርክሩ አያልቅም። ግን ስለ ስም መሆኑ ቀርቶ ስለ ሰው ይሆናል።

ጥያቄ፦ የሕግ ተማሪ ነኝ። ዓለም ስለ ሽብር ይህን ያህል እያወራ የተባበሩት መንግሥታት በአንድ ትርጉም ያልተስማማው ለምንድን ነው? ትርጉም የሌለው ነገር እንዴት ወንጀል ይሆናል?

መልስ፦ ጠቅላላ ጉባኤው በ1996 ለዚሁ ጉዳይ ኮሚቴ አቋቁሟል። ሁሉን አቀፍ የፀረ ሽብር ስምምነት ይረቀቅ ተብሎ ከ2000 ጀምሮ ሲጎተት አለ። ቋጠሮው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንዳንዶቹ በወራሪ ሥር ያለ ሕዝብ ሲታገል አሸባሪ አይባል ይላሉ። ሌሎቹ የመንግሥት ጦር የሚሠራው በሌላ ሕግ ይታይ እንጂ እዚህ ውስጥ አይግባ ይላሉ። ልብ ብለህ ካየኸው ሁለቱም የራሳቸውን ሰው በጓሮ በር ሊያስወጡ ነው የሚፈልጉት።

ምንም ሕግ የለም ማለት ግን አይደለም። የ1977ቱ የጄኔቫ ተጨማሪ ፕሮቶኮል ቅኝ ገዢን፣ ወራሪንና ዘረኛ አገዛዝን የሚታገሉትን እንደ ተዋጊ ይቀበላል። በዚያው ሰነድ አንቀጽ 51 ላይ ግን ዋና ዓላማው ሰላማዊውን ሕዝብ ማሸበር የሆነን ጥቃት ይከለክላል። መብቱም ገደቡም ጎን ለጎን አሉ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1999 አልጀርስ ላይ ያጸደቀው ስምምነትም እንደዚሁ ነው። አንቀጽ 3 መጀመሪያ ለነፃነት የሚደረግ ትግል ሽብር አይደለም ይላል። ወረድ ብሎ ደግሞ ፖለቲካም ይሁን ሃይማኖት ወይም ዘር ለሽብር ድርጊት መከላከያ ሊሆን አይችልም ይላል። ብዙ ሰው የሚጠቅሰው የሚመቸውን ግማሽ ነው። አንተ ፈተና ላይ ሁለቱንም ጻፍ። በዚያው ዓመት የወጣው የሽብር ገንዘብን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነትም፣ ሕዝብን ለማስፈራራት ወይም መንግሥትን ለማስገደድ ሲባል ሰላማዊ ሰው መግደልን በግልጽ ያስቀምጣል። እኔ ለዕለት ሥራ የሚበቃ ትርጉም እዚህ ውስጥ አለ እላለሁ። የጎደለው በራስ ወገን ላይ ለመጠቀም ድፍረቱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ቃሉ ፈረንሳይ ውስጥ የተወለደው በ1793 እና 1794 በጊሎቲን፣ በአንገት መቁረጫው ማሽን፣ የገዛውን መንግሥት ለመጥራት ነው። መጀመሪያ አሸባሪ የተባለው ታጣቂ አልነበረም፤ አገዛዙ ነው። ዛሬ መዝገቡን የሚይዙት መንግሥታት ናቸው። በእኛም አገር በ2003 ዓ.ም. በምክር ቤት ድምፅ አሸባሪ የተባሉ ሦስት የአገር ውስጥ ድርጅቶች በ2010 ዓ.ም. በምክር ቤት ድምፅ ከዝርዝሩ ወጥተዋል። ኬንያ እንግሊዞችን በትጥቅ የታገለውን ማው ማውን ሕገወጥ የሚለውን የቅኝ ግዛት እገዳ ያነሳችው በአውሮፓውያኑ 2003 ነው፤ ነፃ ከወጣች ከ40 ዓመት በኋላ! በ2013 ደግሞ እንግሊዝ በካምፕ ለተሠቃዩ 5,228 ኬንያውያን 19.9 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማማች። በ1953 ላሪ በተባለች የኬንያ መንደር ማው ማው የፈጃቸው ሴቶችና ሕፃናትም ግን አብረው መነገር አለባቸው። መዝገብ ላይ መግባትም መውጣትም ማን ምን እንደሠራ አያረጋግጥልህም። ማስረጃ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአዘጋጁ። ዕድሜዬ ከስድሳ አልፏል። ወጣት ሳለሁ ታናሽ እህቴ ገበያ ላይ በተጠመደ ፈንጂ ሞታለች። ያጠመዱት ሰዎች ኋላ አሸነፉ። ዛሬ በየዓመቱ የሚከበርላቸው ቀን አለ። የታገሉለት ዓላማ ትክክል እንደነበር እኔም አምናለሁ፤ አገዛዙ ክፉ ነበር። ግን በበዓሉ ቀን በሬን ዘግቼ እውላለሁ። ማጨብጨብ አልቻልኩም። ጎረቤቶቼ «ይሄ ሰውዬ የድሮው ሥርዓት ናፋቂ ነው» ይሉኛል። ልጄ እንኳ አልገባውም። ጥፋቱ የእኔ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እግዜር ያጽናዎት። ሐዘን ከዘመን ጋር ይደርቃል ብለው የሚያስቡ ሰዎች አልደረሰባቸውም።

ጥፋት የለብዎትም። እኔ ከላይ ለመምህርቷ በብዙ መስመር ልገልጽ የሞከርኩትን እርስዎ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጽፈውታል፦ ዓላማው ትክክል ነበር፣ እህቴን ገደሏት። ሁለቱም እውነት ነው። አንዱ ሌላውን እንዲውጠው የሚጠይቅዎት ጎረቤት ከሰው አቅም በላይ እየጠየቀዎት ነው። በሬን ዘጋሁ ማለትዎም ሥርዓት መናፈቅ አይደለም። ለቅሶ ላይ ነዎት።

ለልጅዎ ግን በሩን አይዝጉበት። እሱ የሚያውቀው በዓሉን ነው፤ አክስቱን አያውቃትም። በሚቀጥለው ዓመት በዚያች ቀን ይዘውት ይቀመጡና ስለ ፈንጂው ሳይሆን ስለ እሷ ያውሩት። ምን ትወድ እንደነበር፣ ያን ቀን ገበያ ለምን እንደወጣች፣ ስትስቅ እንዴት እንደነበረች። ማጨብጨብ ከፈለገ ያጨብጭብ። ግን እያወቀ ይሁን።

ከላይ የጠቀስኩት የደቡብ አፍሪካ ኮሚሽን ከ20,000 በላይ ሰዎችን ቃል ተቀብሏል። ከሪፖርቱ ቅጾች አንዱ የተጎጂዎች ስምና የደረሰባቸው በአጭሩ የተጻፈበት ነው። በፊደል ቅደም ተከተል ተደርድሯል። በአፓርታይድ ፖሊስ የተገደለና በታጋዮች ቦንብ የሞተ ሰው እዚያ ላይ በወገን አልተከፋፈሉም፤ ስማቸው የሚጀምርበት ፊደል ብቻ ነው ያሰለፋቸው። እኔ ያንን ሳውቅ ግድግዳዬ ላይ የነበረችው ወረቀት ትዝ አለችኝ።

የእህትዎን ስም ደብዳቤው ላይ አልጻፉትም። ረስተውት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከፈቀዱ ይላኩልኝ። በሚቀጥለው እትም ምንም ሳልጨምርበት ስሟን ብቻ በዚህ ገጽ አወጣዋለሁ።